አባቴ ያፈሩበት ዳቦ

ስልኬ የጠራው ፍላቂት ላይ ነው። ጎህ ሳይቀድ ከላሊበላ የተነሳው ሚኒባስ የማይጾመው ቁርስ እንዲቀምስ፣ የሚጾመው ደግሞ እግሩን እንዲያፍታታ ቆሞ ነበር። ወሩ ኅዳር ነው፤ ጾመ ነቢያት ገብቷል። ከመንገዱ ማዶ ያለው የገብስ ማሳ አመዳይ ወርዶበት ነጭ ሆኗል። ሻይ ያዘዘው ሁሉ ብርጭቆውን በሁለት እጁ አቅፎ ይሞቃል እንጂ ለመጠጣት አይቸኩልም። እኔ ግን የእኔን ቆሜ ጨልጬ፣ ሾፌሩን "አንሄድም እንዴ?" እያልኩ በመኪናው ዙሪያ እመላለስ ነበር።

ተፈጥሮዬ ነው። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም። በልጅነቴ እናቴ "ይሄ ልጅ እግሩን የሚበላው ነገር አለ" ትል ነበር። ለዚህም ይሆናል ካደግኩ በኋላ እንግዳ መምራት የተስማማኝ። ወደ አሸተን ማርያም የሚወጡትን በበቅሎ ሳደርስና ስመልስ ዓመታት አለፉ። እንግዳው ሲሳሳ ግን ሥራዬ ላሊበላ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ መዋል ሆነ። እሱን ደግሞ አልችልበትም። አንድ አብሮ አደጌ ባሕር ዳር የቧንቧ ዕቃ ከሚሸጥበት መደብር ሥራ አግኝቶልኝ ነበርና ሻንጣዬን ይዤ ተነሳሁ።

የደወለችልኝ የአባቴ ጎረቤት ናት። ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ ሴት ስትሆን እትየ ነው የምላት።

"የት ደረስክ?" አለችኝ።

"ፍላቂት።"

"እንግዲያ አልራቅክም። ተመለስ። አባትህ እህል ትተዋል።"

"ታመው ነው?"

"ታመውማ ነው። ሳሉ ከያዛቸው ሰነበተ፤ ላንተ እንዳልነግርህ አስምለውኝ ነው። ትናንት በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አውርደናቸው መድኃኒት ሰጧቸው። ያለ ምግብ እንዳይወስዱት ብለዋል፤ እሳቸው ደግሞ ምግብ አላስጠጋ አሉ። እኔ ለምኜ ደከመኝ።"

በዚያ ሰሞን ልሰናበታቸው የወጣሁ ጊዜ፣ ሦስት ጉልቻ አጠገብ ተቀምጠው ሲመርቁኝ ታወሰኝ። ሲመርቁኝ ድምፃቸው ሰልሎ ነበር፤ ስለመሄዴ ከፍቷቸው መስሎኝ ነበር። ለካ ሳሉን እየዋጡት ነው። ሾፌሩን ሻንጣዬን ከላይ እንዲያወርድልኝ ስለምነው "አሁን ተሳፍረህ አሁን?" አለኝ። ገብስ የጫነ አይሱዙ ወደ ጋሸና ሲሄድ አገኘሁና ከጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። ከጋሸና ላሊበላ፣ ከላሊበላ ደግሞ በእግሬ ዳገቱን ወጣሁ። የአባቴ መንደር ከአሸተን ማርያም ተራራ ጀርባ፣ ነፋስ ከማይለየው ሜዳ ላይ ነው። ሻንጣዬን በራሴ ተሸክሜ ስገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር።

አባቴ ቄስ ናቸው። እናቴ ባለፈው ክረምት ካረፈች ወዲህ በዚያ የድንጋይ ጎጆ ብቻቸውን ነበሩ። ከመደቡ ላይ ጋቢና ደበሎ ደራርበው ተኮራምተዋል። ፊታቸው ጎድጉዷል። ሲያዩኝ መጀመሪያ ያሉት "ለምን ተመለስክ?" ነው።

"መኪናው ተበላሸ" አልኳቸው።

አላመኑኝም።

በማግሥቱ አጥሚት ልሠራ ተነሳሁ። ምን ይከብዳል ብዬ ነው። እናቴ ስትሠራ ሺህ ጊዜ አይቻለሁ። ውሃው ሲፈላ የገብሱን ዱቄት በጣሳ ዘግኜ ጨመርኩበት። ወዲያው ድስቱ ሙሉ ጓል ሆነ። በማማሰያ ብጨፈልቀው ጓሉ እየሸሸ አስቸገረኝ፤ ሲሰበርም ውስጡ ደረቅ ዱቄት ነው። እትየ በበር ብቅ ብላ ድስቱን አየችና እጇን ከወገቧ ላይ አደረገች።

"ይሄን ነው ለበሽተኛ የምትሰጥ?"

"ምን አጠፋሁ?"

"መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው። ከዚያ እያማሰልክ ከፈላው ላይ ቀስ አድርገህ ትቀላቅለዋለህ። ድስቱንም ጥለኸው እንዳትወጣ። አንተ ደግሞ መውጣት ትወዳለህ።"

ሁለተኛው አጥሚት ልስልስ ያለ ሆነ። ጨው ነሰነስኩበት፤ እትየ ከጓሮዋ የቀጠፈችውን ጤና አዳም ጣል አደረገችበት። አባቴ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን?" አሉ።

"አባ፣ ታመዋል እኮ። ለበሽተኛ ይፈቀዳል።"

"ለማን ምን እንደሚፈቀድ አንተ ልትነግረኝ ነው?"

እንግዲህ ዘጠኝ ሰዓትን መጠበቅ ሆነ። ያንን መጠበቅ እስካሁን አልረሳውም። ድስቱን ከእሳቱ ዳር አስጠግቼ ወጣሁ። እንጨት ፈለጥኩ። የፈረሰውን ካብ መልሼ ካብኩ። የላሟን ጋጥ ጠረግኩ። ፀሐይዋን አያለሁ፣ ስልኬን አያለሁ፤ ሰዓቱ አይሄድም። ከውስጥ የአባቴ ሳል ሲሰማኝ እገባለሁ፣ ጸጥ ሲሉ ደግሞ ይበልጥ እፈራና እገባለሁ። በመጨረሻ እትየ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ "እባክህ ተቀመጥ፤ እኔንም ራሴን አዞርከኝ" አለች።

ዘጠኝ ሲሆን አባቴ ቀና አሉ፣ ጸለዩ፣ ከአጥሚቱ ጥቂት ፉት አሉና ብርጭቆውን መለሱልኝ። "እግዜር ይስጥልኝ፤ በቃኝ።" መድኃኒቱን ዋጡ። ብዙም ሳይቆይ ሁሉንም አስመለሱት።

ብዙ ቀን እንዲህ ሄደ። ቅንጬ ሞከርኩ፤ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል አሉ። በሶ በውሃ በጠበጥኩላቸው፤ በዚህ ብርድ ቀዝቃዛ ነገር ብለው ተቆጡ፤ ትክክል ነበሩ። እኔም እየተበሳጨሁ፣ እየወጣሁ፣ እየገባሁ ዋልኩ። እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ምግቡን የሚመልሱት እኔን ለማባረር ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን እትየ ተልባ ቆልታና ወቅጣ አመጣችልኝ። "ገንፎ ገንፋላቸው" አለችኝ። "እናትህ በጾም እንዲህ ነበር የምትሠራላቸው። ቅቤ ስለማይበሉ ተልባውን በጥብጣ።"

ገንፎ ጉልበት ይፈልጋል። ዱቄቱ ከውሃው ጋር ሲያያዝ ማማሰያው ከእጅ ያመልጣል፤ ድስቱን በእግር ደግፎ በሁለት እጅ መግፋት ነው። እኔን ግን ተስማማኝ። እጄ ሲታገል እግሬ ረጋ። ላብ በጀርባዬ እስኪወርድ ገነፋሁት፤ ከዚያ በገበቴ ላይ ገልብጬ መሐሉን በማንኪያ ጎደጎድኩና የተበጠበጠውን ተልባ ከበርበሬና ከጨው ጋር አፈሰስኩበት። እንፋሎቱ እየተነነ ለአባቴ አቀረብኩ። ዳሩን በእጃቸው ቆርሰው፣ ተልባውን አስነክተው ቀመሱ።

"የእናትህ አይደለም" አሉ።

"አይደለም።"

"ግን ይሞቃል።" ደግመው ቆረሱ።

ግማሽ ያህሉን በሉ። መድኃኒቱም ሆዳቸው ውስጥ ቀረ። እኔ ውጭ ወጥቼ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማጀቱ የእኔ ሆነ። ሽሮ ሠራሁ፤ ቂጣ ጋገርኩ፤ ገብስ ፈተግኩ። ጧት ጧት ውርጩ ከጓሮው ሳይነሳ እሳቱን አቀጣጥዬ አጥሚት እጥዳለሁ፤ እሳቸው እስከ ዘጠኝ ባይቀምሱትም ቤቱ እንዲሸት ብዬ ነው። ሲሸታቸው ይነቃቃሉ።

ግን አባቴ አፍረውብኝ ነበር። ይህን ያወቅኩት ከቤተክርስቲያኑ አንድ መሪጌታ ሊጠይቋቸው የመጡ ቀን ነው። እኔ ማጀት ሆኜ ሽሮ አማስላለሁ። ወደ እንግዳው ልወጣ ስል አባቴ ጎላ አድርገው ሳሉ፤ የበሽታ ሳል አልነበረም። ዓይናቸውን ሳይ እዚያው እንድቆይ እያመለከቱኝ ነው። መሪጌታው "ማን ያበላዎታል?" ሲሉ አባቴ "ጎረቤታችን አለች አይደል፤ ባትኖር ሞቼ ነበር" ብለው መለሱ። እኔ ማማሰያ ይዤ ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ ሰማሁ። ሽሮው አረረ።

ለእትየ ነገርኳት። በማግሥቱ አባቴ ዘንድ ገብታ ከእግራቸው ሥር ተቀመጠችና እንደ ዋዛ ጠየቀቻቸው።

"አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በቤተክርስቲያኑ ቤተልሔም የቁርባኑን ኅብስት የሚጋግረው ማን ነው?"

"ዲያቆናት ናቸዋ። ምን ማለትሽ ነው?"

"ሴት አይደለችም?"

"ሴት በምን ገብታ?"

"ታዲያ አንቱም በዲቁና ዘመንዎ ጋግረዋል ማለት ነው።"

አባቴ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባቸው። "ያ ሌላ ነው" አሉ። "ያ ለመቅደስ ነው። የቄስ ልጅ፣ ሙሉ ጎልማሳ፣ ማጀት ተቀምጦ ሽሮ ያማስላል ሲባል ሰው ምን ይላል? ሥራ አጥቶ ነው ይላል። ሚስት የሚሰጠውም አያገኝ።"

"ሰው እንዲህ ከማለቱ በፊት አንቱ ይድኑ" ብላ ተነሳች።

እኔም ባሕር ዳር ያለው ሥራ እንቅልፍ ይነሳኝ ጀመር። ስልክ በደንብ የሚሠራው ከመንደሩ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው። በየቀኑ ብርዱ ጆሮዬን እየቆረጠው ወጥቼ እደውላለሁ። አብሮ አደጌ መጀመሪያ "አይዞህ፣ አባትህን አስታም" ይለኝ ነበር። ቆይቶ "መቼ ነው የምትመጣ?" አለ። በኋላ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ባለቤቱ ሌላ ሰው ሊያስገባ ነው፤ እኔ ከዚህ በላይ ልይዝልህ አልችልም" አለኝ። ገባኝ አልኩት። ከጉብታው ላይ ቆሜ ቁልቁል ላሊበላን አየሁ፤ የቆርቆሮው ጣሪያ በፀሐይ ያብረቀርቃል። ወዲያ ማዶ ወደ ጋሸና የሚወጣው መንገድ አለ። መንገድ ሳይ እግሬ ይሳባል። ወርጄ ስገባ አባቴ "ተበላሽቷል ያልከው መኪና አልተሠራም?" አሉኝ።

"አልተሠራም" አልኩ። ስለ ሥራው አልነገርኳቸውም።

የታኅሣሥ ማርያም ስትቃረብ ሌላ ጣጣ መጣ። አባቴ የማርያም ማኅበርተኛ ናቸው። በየወሩ አንዱ በተራው ዳቦና ጠላ አዘጋጅቶ ማኅበሩን በቤቱ ይቀበላል፤ የዚያ ወር ተራ የእሳቸው ነበር። ጠላውን የመንደሩ ሴቶች ጠምቀውልናል። ዳቦውን እትየ ልትጋግር ቃል ገብታ ነበር። ዋዜማው ሳይደርስ ግን ላሊበላ ያለች ልጇ ምጥ ያዛት ተብሎ ተጠራችና ነጠላዋን አጣፍታ ወረደች። ሌሎቹ ሴቶችም ገሚሱ ለገና ወደሚመጣው ምእመን ጠላና ቆሎ ሊሸጡ ወርደዋል፤ ገሚሱ አውድማ ላይ ናቸው።

"ተራዬን ለሌላ ላስተላልፍ" አሉ አባቴ። ሲናገሩ ግን ድምፃቸው ተሰበረ። እናቴ በሕይወት ሳለች ተራቸው አልፎ አያውቅም።

"እኔ እጋግራለሁ" አልኩ።

"ቂጣ አይደለም እኮ። ድፎ ነው።"

"አውቃለሁ።"

አላውቅም ነበር። የገብስና የስንዴ ዱቄት ቀላቅዬ፣ እርሾ ጨምሬ አቦካሁና በቡሐቃው ከድኜ አስቀመጥኩት። ውሎ አደረ፤ ሊጡ ንቅንቅ አላለም። እንዳለ ልጋግረው ብዬ ከምጣዱ ላይ አሰፋሁት፤ በብረት ክዳኑ ከድኜ ከላይ የኩበት ፍም ጫንኩበት፤ ከታችም እንጨቱን ማገድኩት። ስከፍተው ከሥሩ ከሰል ሆኗል፣ መሐሉ ጥሬ ሊጥ ነው፣ ከላይ ደግሞ ተሰነጣጥቋል። ከምድጃው አንስቼ ወደ ግቢው ወረወርኩት። ውሻው እንኳ አሽትቶት ተወው። እኔም ከቤቱ ወጥቼ ዝም ብዬ መንገዱን ይዤ ሄድኩ፤ የት እንደምሄድ አላውቅም። አመዳይ ያቃጠለውን የባቄላ እርሻ ዞሬ፣ እስከ ገደሉ አፍ ደርሼ ተመለስኩ።

ስገባ አባቴ ከመደባቸው ወርደዋል። ከታመሙ ወዲህ በራሳቸው ሲቆሙ ያየሁት ያን ቀን ነው። በመቋሚያቸው ተደግፈው ማጀት ገብተው ቡሐቃውን ጎንበስ ብለው ያያሉ። ከዳሩ የቀረውን ሊጥ በጣታቸው ነካ አድርገው አሸተቱት።

"እርሾው አልሞተም፤ ተኝቷል" አሉ። "በዚህ ብርድ ሊጥ ብቻውን አይነሳም። በቀዝቃዛ ውሃ ነው ያቦካኸው?"

"አዎ።"

"ለብ ባለ ውሃ። ገብሱንም አብዝተኸዋል፤ ገብስ ብቻውን አይያያዝም፣ ስንዴውን ጨምርበት። ደግሞ ስታሽ ትቸኩላለህ። ቤተልሔም ሳለሁ መምህሬ ሊጡ እጅህን ሲለቅ እንጂ አንተ ስትደክም አይደለም የምታቆመው ይሉኝ ነበር።"

ይህን ሲናገሩ ፊታቸው ላይ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ልጅነት ታየኝ። ቁጭ እንዲሉ በርጩማ አቀረብኩላቸው። እንደገና አቦካሁ። ጥቁር አዝሙድና ድንብላል ጣል አደረግኩበት። እሳቸው ከበርጩማቸው ሆነው "ገና ነው" ይላሉ፤ አሻለሁ። "ገና" ይላሉ። ክንዴ ሊገነጠል ደረሰ። በመጨረሻ ሊጡ ከእጄ ተላቅቆ እንደ ሕፃን ሆድ ለስልሶ ሲዞር "በቃ" አሉ። ከዚያ የለበሱትን ጋቢ አውልቀው ሰጡኝ።

"ደርብበት።"

"አባ፣ ይበርድዎታል እኮ።"

"እኔ እሳት ዳር ነኝ። ደርብበት ነው የምልህ።"

በጋቢያቸው ጠቅልዬ ከምድጃው አጠገብ አኖርኩት። ጧት ጋቢውን ስገልጠው ሊጡ እስከ ቡሐቃው አፍ ተነፍቶ ነበር። ከታች ገበያ ያስመጣሁትን የኮባ ቅጠል ከምጣዱ ላይ አንጥፌ ገለበጥኩበት፣ በቅጠል አለበስኩት፣ ከደንኩት። ከታች እሳቱን ቀነስኩ፤ ከላይ ፍሙን አበዛሁ። ይህም የእሳቸው ትእዛዝ ነው። ሽታው ቤቱን ሲሞላው አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀመጡ። ወጥቼ ልመላለስ ፈለግኩ፤ "በዚህ ሰዓት ከእሳቱ አትለይ" አሉኝ። አልተለየሁም። እንዲያ ለረጅም ጊዜ አንድ ቦታ መቀመጤን የማስታውሰው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ማኅበርተኞቹ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ሽማግሌዎችና ካህናት ናቸው፤ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ግድግዳውን ተደግፈው ተደረደሩ። ጸሎት ተደረሰ። ዳቦው ተባርኮ ተቆረሰ። ቆራሹ ቢላውን ሲያስገቡ ቅርፊቱ ተንኮሻኮሸ፣ ከውስጡ እንፋሎት ወጣ። እኔ ጠላ እየቀዳሁ ፊታቸውን በየተራ አያለሁ። ከሁሉም ያነሰ ጥርስ ያላቸው ሽማግሌ ረጅም ጊዜ አላመጡና "የዘንድሮ ብርድ ዳቦ አያስነሳም ሲባል ነበር። ይሄን ማን ጋገረው?" አሉ።

አባቴን አየኋቸው። እሳቸው አላዩኝም።

"ጎረቤታችን ናት" አሉ። "እግዜር ይስጣት።"

የጠላውን ማንቆርቆሪያ መሬት አስቀምጬ ወጣሁ። ማንም ልብ ያለኝ አልነበረም፤ አንድ ነገር ላመጣ የወጣሁ መስሏቸው ይሆናል። ነፋሱ ፊቴን መታኝ። ጉብታውን ወጣሁ፤ ስልኬን አወጣሁ፤ የምደውልለት ሰው አልነበረኝም። ሥራው ሄዷል። ሻንጣዬ ግን እንደታሰረ ከአልጋው ሥር አለ፤ አሁን ይዤው ብወርድ ማታ ላሊበላ አድራለሁ፣ ነገ መኪና አላጣም አልኩ። ወዴት እንደሆነ እንኳ አላሰብኩም። መሄዱ ብቻ ይበቃኝ ነበር።

እንዲህ ስል እትየ ቁና ቁና እየተነፈሰች ዳገቱን ስትወጣ አየኋት። ወርጄ የያዘችውን ዘምቢል ተቀበልኳት።

"ሴት ልጅ ተገላገለች" አለችኝ። ፊቷ ቢደክምም በደስታ በርቷል። "ሁለቱም ደኅና ናቸው። ለማኅበሩ ስል ሮጥኩ፤ ዳቦውን ምን አደረጋችሁ?"

"ተጋገረ" አልኳት። ከዚያ በላይ አልተናገርኩም።

አብረን ገባን። እሷ ነጠላዋን አስተካክላ ማኅበርተኞቹን ጎንበስ እያለች ተሳለመች። ጥርስ ያነሳቸው ሽማግሌ ሲያዩዋት ደስ አላቸው።

"እጅሽ ይባረክ" አሏት።

"አሜን። ለምኑ ነው አባ?"

"ለዳቦው ነዋ።"

"የምን ዳቦ? እኔ ገና ከልጄ ዘንድ መምጣቴ ነው። የመንገዱ አቧራ ከእግሬ አልረገፈም።"

አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ሁሉም ወደ አባቴ ዞሩ። አባቴ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወለሉን ያያሉ። እትየም ምን እንደተፈጠረ ገብቷት አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

"ልጄ ነው" አሉ አባቴ በመጨረሻ። "ዳቦውንም የጋገረው፣ እኔንም ከኅዳር ጀምሮ ያበላኝ እሱ ነው።"

"ታዲያ ለምን ደበቁን?" አሉ ሽማግሌው።

"አፈርኩ።"

"በዳቦው?"

"አይ። ዳቦውስ ጥሩ ነው።"

መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ሌላው። አባቴ አልሳቁም፤ ጆሯቸው ቀልቷል። ሽማግሌው ግን ወደ እኔ ዞረው እንደ ባለሙያ ጠየቁኝ። "እስቲ ንገረኝ፤ በዚህ ውርጭ ሊጡን እንዴት አስነሳኸው? እኛ ቤት ሦስት ጊዜ እምቢ ብሏል።"

"አባ ጋቢያቸውን አልብሰውት ነው" አልኩ።

አሁን አባቴም ፈገግ አሉ። ሽማግሌው ለባለቤታቸው ቁራሽ እንድጠቀልልላቸው ለመኑኝ። እኔም ማንቆርቆሪያውን አንስቼ መቅዳቴን ቀጠልኩ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እኔ ዕቃውን ሳጥብ አባቴ ከበሩ ደፍ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

"ስትወጣ አይቼሃለሁ" አሉ። "የምትመለስ አልመሰለኝም።"

"እኔም አልመሰለኝም።"

"ሥራህም እንደሄደ ሰምቻለሁ። ጉብታው ላይ ስትጮህ ነፋሱ ወደዚህ ያመጣዋል።"

እሳቸውም ይቅር በለኝ አላሉም፤ እኔም አልጠበቅኩም። ገበቴውን ተቀብለውኝ በጋቢያቸው ጫፍ ማድረቅ ጀመሩ። ሲያደርቁ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

ገና አለፈ፤ ጥምቀትም አለፈ። ጾሙ ከተፈታ በኋላ ገንፎው ቅቤ አገኘ፣ የአባቴም ሰውነት ተመለሰ። ወደ ቤተክርስቲያን ያለ ደጋፊ መሄድ ጀመሩ። እኔ ግን ቤቱ ጠበበኝ። የሚካብ ካብ አጣሁ፤ ሁሉንም ክቤዋለሁ። አንድ ቀን ከቅዳሴ ሲመለሱ ከበር እስከ አጥር ስመላለስ አገኙኝ፤ ቆመው ትንሽ ተመለከቱኝ።

"አንተ እኮ መቀመጥ አትችልም" አሉ። "ሂድ። እኔ ድኛለሁ።"

"ብቻዎን እንዴት ይሆናሉ?"

"እጅ የለኝም?"

የምሄድ ዕለት ስነቃ ከማጀት ጭስ ይወጣል። ሮጬ ስገባ አባቴ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ቆባቸው ላይ ዱቄት በኖ፣ ለስንቄ የሚሆን ወፍራም የገብስ ቂጣ ይጋግራሉ። በጎን ደግሞ በሶ በጨርቅ ቋጥረው አስቀምጠዋል። ላግዝዎት ብል በማማሰያው ገፋ አደረጉኝ። እትየ ከአጥሩ ማዶ አይታ "ቄሱ ማጀት ገቡ" ብላ ጮኸች። አባቴ ቀና ብለው "ማንም የሚለውን ይበል" አሏትና ቂጣውን ገለበጡት።

ባሕር ዳር ሄድኩ። ቦታዬን ሌላ ሰው ስለያዘው ለጥቂት ጊዜ ዕቃ ጫንኩ፣ አወረድኩ፤ ከዚያ ወደ ጎንደር አለፍኩ፤ ከዚያ ተመለስኩ። የትም ቢሆን ከአንድ ወቅት በላይ አልቆይም። ቆላውና ሐይቁ ዳር ሙቀት ስለሆነ ገንፎ የሚያምረው ሰው አይገኝም፤ እኔም አልሠራም። ኅዳር ሲደርስ ግን ውስጤ ይረበሻል። አባቴ ስልክ ሲያነሱ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ምን እንደበሉ ነው። "ቅንጬ ሠራሁ፣ ጨው በዛብኝ" ይላሉ፤ ወይም "ዛሬ ሊጡ እንደ ድንጋይ ሆነብኝ፣ ለላሟ ሰጠኋት"።

ዘንድሮም አመዳይ ሲጀምር ወደ አባቴ መንደር ወጣሁ። እስካሁን እዚሁ ነኝ። ትናንት ድፎ ስንጋግር ከታች ያለው እሳት በዛ አልኳቸው፤ እሳቸው አነሰ አሉ። ስንከራከር እትየ ከማዶ ሰማችንና ከሁለት አንዳችሁ ከማጀት ውጡ አለችን። ማንም አልወጣም። ዳቦው ከሥሩ ትንሽ ጠቆር አለ፤ መሐሉ ግን በስሏል። አባቴ ጠቆር ያለውን በቢላ እየፋቁ በሉ፤ መቼ እንደምሄድም አልጠየቁኝም።